ድምፁ መቶ ላይ ነው

ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 1፡20

መቶ። ዛሬም መቶ። ከሥራ ስመለስ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኜ የቴሌቪዥኑን ማኅሌት ቃል በቃል እሰማለሁ። ገባሁ፣ ሪሞቱን አንስቼ ወደ ሠላሳ አወረድሁ። ጫማዬን አውልቄ ስመለስ መቶ። ምን ልበል ማስታወሻዬ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ አባቴን እንደ ሕፃን ልቆጣቸው?

አባባ ከቁንዝላ ወደ እኔ ከመጡ ስምንት ወር ሆናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲያ ብቻዎን አይሆኑም ብዬ፣ ለምኜ፣ ሐይቁን በጀልባ አሻግሬ ያመጣኋቸው እኔው ነኝ። ማንን ልክሰስ። የቀን ሥራቸው አንድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቻናል ማየት። ወንበራቸውን ከቴሌቪዥኑ ሥር ያስጠጋሉ፣ ግራ እጃቸውን ማስቀመጫው ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ በቃ። ዓይንዎ ይጎዳል እያልሁ ወንበሩን ወደ ኋላ እጎትታለሁ። በነጋታው እዚያው ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ (ጎረቤታችን፤ ግድግዳችን አንድ ነው) ዛሬ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ደበደቡ። አባባ ዘወርም አላሉ።

ባሌ ደረጀ ምክንያቱን ደርሼበታለሁ አለ። (ከዛሬ ጀምሮ ደ. ነው። ሙሉ ስሙን መጻፍ አይገባውም።) የዘመኑ ቀጫጭን ቴሌቪዥን ስፒከሩ ከጀርባው ስለሆነ ድምፁ ወደ ግድግዳው ነው የሚሄደው። መድኃኒቱ ሳውንድ ባር የሚሉት ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገጠም ስፒከር ነው። ደ. ዘንድ መድኃኒት ሁሉ በካርቶን ታሽጎ ነው የሚመጣ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

መጣ። ረጅም ጥቁር ነገር። ከአባባ መቋሚያ ጥቂት ቢያጥር ነው። መመሪያው በቻይንኛ። ገመዱ ከቴሌቪዥኑ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። ደ. በስልኩ መብራት ጀርባውን እያየ ከጠዋት እስከ ምሳ ተንበረከከ። እንዲህ ተንበርክኮ ቢጸልይ ኖሮ እስካሁን ጻድቅ ነበር።

አባባን ምሳ ይብሉ አልኋቸው። ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ምሳ አልሁ እንጂ እንዴት ዋሉ አላልሁም። ሆን ብለው ነው? ኩርፊያ ነው? ከእናቴ ሞት ወዲህ አንዳንዴ ሰው ሲያናግራቸው ዝም ብለው ፈገግ ይላሉ። ያሳዝኑኛል፤ ደግሞ ያበሽቁኛል። ሁለቱም እውነት ነው።

ጥቅምት 24፣ የምሳ ሰዓት፣ ቢሮ

ፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ። የሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ተማሪ ተሰልፏል፤ እኔ ምሳዬን ትቼ ገመድ ልቀይር ከተማ ወርጄ መጣሁ። ባለሱቁ ሸጋው ይባላል። ገመዱን ገልብጦ አየና ይሄማ የሌላ ነው አለ፤ ራሱ የሸጠልንን። ሌላ ሰጠኝ። ዋስትና አለው ወይ? አለው። የት ተጽፏል? ቃሌ ነው አለ፣ ደረቱን እየነካ። በባጃጅ ሄድሁ፣ በባጃጅ ተመለስሁ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ማታ፦ አልገጠመም።

ጥቅምት 27

ገጠመ! በሦስተኛው ገመድ። ደ. ቦርድ ሰብሳቢ ይመስል ሁላችንን አስቀምጦ ሪሞቱን ተጫነ። ከበሮው ሲመታ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ።

አባባ መዳፋቸውን ባሩ ላይ አሳረፉ። ፊታቸው በራ። ይኸስ መልካም ነው አሉ። ደ. ወደ እኔ ዞሮ አገጩን ቀና አደረገ። ይሁን፣ የዛሬን ይደሰት። ባሩን ወደ ሃያ ዝቅ አድርጌ ሽንኩርት ልከትፍ ገባሁ።

ወዲያው መቶ። ደስታችን ሩብ ሰዓት አልሞላም። አሁን ቴሌቪዥኑም መቶ፣ ባሩም መቶ። እትዬ ጥሩወርቅ ግድግዳውን ትተው በአካል መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው፣ ልጄ፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ቤቴ ቅኔ ማኅሌት አይደለም አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ኅዳር 2፣ ከሰዓት

ከቁንዝላ ተደወለ፤ የአባባ የቀድሞ ደብር አለቃ ናቸው። ለኅዳር ጽዮን ማኅሌቱን አባባ እንዲመሩላቸው ይፈልጋሉ። ያስተማሯቸው ሁሉ ከየሀገሩ ይመጣሉ። ስልኩን ወደ አባባ ዘረጋሁ። እጃቸውን አወናጨፉ፤ አንቺው አናግሪ። እንደ ሁልጊዜው! ስምንት ወር ሙሉ አንድ ስልክ አላነሱም። ሰው ጽዮንን ያህል በዓል ይዞ ሲለምናቸው!

ተናደድሁ። ተናድጄም እሺ፣ ይመጣሉ፣ ይመራሉ ብዬ ቃል ሰጠሁ። አለቃው መረቁኝ። ከዚያ ለአባባ ነገርኋቸው፦ ለጽዮን ይሄዳሉ፣ ማኅሌቱን እርስዎ ነዎት የሚመሩት። እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። እነሆ! ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ዛሬስ ጉድ ነው። ደ. መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጢሙን እየላጨ ስልኩ ላይ የሠርግ ዘፈን ከፈተ። ስልኩ ለካ ብሉቱዙ ክፍት ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተቋርጦ ዘፈኑ በሳውንድ ባሩ ወጣ! ስክሪኑ ላይ ካህናቱ ነጭ በነጭ ለብሰው ወረብ ያቀርባሉ፤ ከባሩ የሚወጣው እስክስታ ነው። በመቶ።

ሮጥሁ። አባባ መዳፋቸው ባሩ ላይ ነው፣ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ። ፊታቸው ጠቁሯል። ይቆጣሉ፣ ቤቱ ረክሷል ይላሉ፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ ብዬ ሪሞቱን አፈፍ አደረግሁ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀስረው ካህናቱን ገሠጹ፦ "እኒህ ምን ነካቸው? በወረብ መኻል እንዲህ ያለ ምት አለ? ከበሮውን ማን ሰጠው ለዚህ?"

ሪሞቱን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ደ. ፊቱ ላይ አረፋ እንዳለ መጥቶ ሳቀ። እንባችን እስኪወርድ።

ይህን ጽፌ ምሳ ላቀርብ ነበር። እጄ ቆመ። ዘፋኟ እኮ በሙሉ ድምፅ "ሙሽራዬ" ትል ነበር። አባባ ሙሽራዋን አልሰሙም። ዘፈኑን አልሰሙም። ምቱን ብቻ ነው ያወቁት፤ እሱንም በመዳፋቸው።

እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ? ስልኩ። ምሳው። የግድግዳው ድብደባ። እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይኸው ነው።

ኅዳር 8

ማረጋገጥ ነበረብኝ። ከኋላቸው ቆሜ ድምፁን ጭራሽ አጠፋሁ። ቤቱ ጭጭ አለ። አባባ መዳፋቸውን አዩ። ባሩን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅሱ። ከዚያ ተዉት። እጃቸውን አጣጥፈው ካህናቱን በዓይን መከተል ያዙ። መቋሚያው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል አብረው አዘነበሉ። ሲነሣ ተነሡ። ከንፈራቸው ዜማውን አልሳተም። በግራ ያለው ወጣት ደብተራ ቀደም ብሎ ሲጎነበስ፣ ቀደመ፣ ቀደመ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያለ ምንም ድምፅ።

ድምፁን በገዛ እጄ ወደ መቶ መለስሁት። እትዬ ጥሩወርቅ ግድግዳውን ደበደቡ። ይደብድቡ።

ኅዳር 9

ለደ. ነገርሁት። አዘነ፤ እውነቱን ነው፣ ዓይኑ ቀላ። ብዙም ሳይቆይ ቴሌግራም ላይ የዕቃ ገበያውን ከፈተ። የጆሮ መስሚያ፣ ቻርጅ የሚደረግ፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ! ጫማዬን ልወረውርበት ብዬ ተውሁት። አስቀድሞ ሐኪም ጆሯቸውን ይይ። ከሐኪሙም አስቀድሞ እሳቸው ራሳቸው ይመኑልን።

ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ ጮኽሁ፦ አባባ፣ አይሰሙም ወይ? ፈገግ አሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ጥሩወርቅ ድምፅ መጣ፦ "ኧረ እኔ ሰማሁሽ!"

አሁን ደግሞ የቁንዝላው አለ። አሥራ ሁለት ቀን ቀረው። ቃል የሰጠሁት እኔ፣ የሚዋረዱት እሳቸው። ያስተማሯቸው ሁሉ ተሰብስበው፣ ማኅሌቱ ላይ፣ ሰው ሲመልስላቸው ሳይሰሙ። ደውዬ ጉልበታቸውን አመማቸው ልበል?

ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ሌላ መንገድ ስላጣሁ ማስታወሻዬን አንተን ሰጠኋቸው። ባዶ ገጽ ላይ በትልልቁ ጻፍሁ፦ አባባ፣ እንደማይሰሙ አውቄያለሁ። ለጽዮን ቁንዝላ ሄደው ማኅሌት ይመራሉ ብዬ ሳላውቅ ቃል ሰጥቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ለምን አልነገሩኝም?

መነጽራቸውን አጠለቁ። አነበቡ። ስለ ቁንዝላው ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ለካ ያን ቀን እሺ ያሉኝ ምን እንዳልሁ ሳያውቁ ነው። እስክርቢቶ ጠየቁኝ። ከዚህ በታች ያለው የእጅ ጽሑፍ የእሳቸው ነው።

ልጄ ብርቱካን። ጆሮዬ ከተዘጋ ሁለት ፋሲካ አለፈ። እናትሽ ታውቅ ነበር። ሰው ሲናገረኝ ክንዴን ነካ ታደርግና በከንፈሯ ትነግረኝ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ለሁሉም እሺ እላለሁ። የኔታዬ በስተርጅና ደንቁረው፣ ሰው ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ብቻቸውን ያዜሙ ነበር። ከተማሪው ሁሉ አብልጦ የሳቀባቸው እኔ ነኝ። ያ ሳቅ በእኔ እንዳይመለስ ፈርቼ ነው። ደረጀ ያመጣው ዕቃ ደግ ነው፤ ከበሮውን በእጄ ያደርስልኛል። እግዜር ይስጠው።

ደ. ይህን አንብቦ ጓሮ ወጣ። ቆይቶ ነው የተመለሰ። ስለ ቴሌግራም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ ከጠዋቱ 3፡10

ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ እያጠነ ነው። ዓይኔ ያነባል። ከጭሱ ነው እላለሁ።

ጻፍሁላቸው፦ ለአለቃው ደውዬ ጉልበትዎን አመመዎት እላለሁ። አነበቡና ጮክ ብለው ሳቁ። "ጉልበቴ ምን በደለ?" አሉ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ቁርጡን ነገሩኝ። ይሄዳሉ። አይመሩም፤ የሚመራው ካስተማሯቸው አንዱ ይሆናል። እሳቸው ከከበሮው አጠገብ ይቆማሉ። ሲመለሱ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ፤ ይህን በሚካኤል ስም ማሉልኝ። አለቃውን ግን ስለ ጆሯቸው የሚነግሩት ራሳቸው ናቸው። ዛሬ፣ አሁን፣ በገዛ አፋቸው። የሚስቅ ካለ ይሳቅ አሉ፤ እኔም ስቄያለሁ።

አለቃው ስልኩን ሲያነሡ አልሰማምና እጅሽን አንሺልኝ አሉ።

ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ለስልክ! ስልኩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አፋቸው ላይ አድርገውታል፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ድምፁን ለእኔ ከፍቼዋለሁ። ቀኝ እጄ ይጽፋል፣ ግራዬ ዝግጁ ነው። ይጠራል። ይጠራል። አነሡት፣ እጄን አነሣሁ።