የእነሞሩ ሰው በቡታጅራ መስኮት፦ አቶ ሀብቴ ዘርጋ (1945–2008 ዓ.ም)

አቶ ሀብቴ ከአባታቸው ከአቶ ዘርጋ ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ አደይ ነጋሽ በ1945 ዓ.ም በእነሞር፣ ጉንችሬ አጠገብ ተወለዱ። ቤታቸው ፊቱን ወደ ጀፎረው፣ ወደ መንደሩ ሰፊ የሣር ሜዳ የሰጠ ነበር፤ ጓሮው እናታቸው የተከሉት እንሰት ነው። ይህ እንሰት ኋላ ስለሚመጣ ከወዲሁ ይነገር።

የተማሩት በእምድብር ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቆጮ ተሸክመው በእግር የሚያመጡላቸው ታላቅ እህታቸው ወ/ሮ የሺ ነበሩ። ከዚያ በመምህርነት ተቀጥረው ቡታጅራ ገቡ። በ1976 ዓ.ም ከወ/ሮ ፍሬሕይወት ጋር በጋብቻ ተሳስረው ኤፍሬምንና ቤተልሔምን አፈሩ። ከ1985 ዓ.ም እስከ ጡረታቸው ድረስ በቡታጅራ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው፣ አቤቱታ በመስኮት እየተቀበሉ አገለገሉ።

በ1994 ዓ.ም የዞኑ ይግባኝ በሁለት ከተሞች ተከፈለ። የመስቃን፣ የማረቆና የሶዶ ለቡታጅራ ሲሆን፣ የእነሞር፣ የቸሃና የእዣ ለወልቂጤ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አቶ ሀብቴ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደግሙት አንድ ቃል ነበር፦ «ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም።» ለሕግ ሰው ነገሩ የግዛት ወሰን ብቻ ነው። ከገጠር ለመጣ ባለጉዳይ ግን መንግሥት ራሱን የካደ ይመስለዋል። አንድ ሽማግሌ ታዲያ ይህ የተሰቀለው ባንዲራ የማን ነው ብለው እንደጠየቋቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በ1997 ዓ.ም ግን ሳቁ ቀረ። የወረዳው ፍርድ ቤት የእናታቸውን የእንሰት ማሳ ለጎረቤት ወሰነ። ወ/ሮ የሺ ከስልሳው የይግባኝ ቀን ሦስቱ ሲቀሩ፣ ወንድሜ እዚያ አለ ብለው ወልቂጤን ትተው ቡታጅራ መጡ። አቶ ሀብቴ አቤቱታውን አንብበው ጉዳዩ የወልቂጤ ነው ሲሉ በመስኮቱ መለሱላቸው።

«ሀብቴ፣ ሥልጣን ከሌለህ ማኅተሙን ምን ትሠራበታለህ?» አሉ እህታቸው።

ሕጉ እንደዚያው ነበር። ቢቀበሏቸው ኖሮ ይግባኙ ውድቅ ይሆን ነበር። ፈቃድ ጠይቀው አብረዋቸው እንዳይሄዱ የሚከለክል ሕግ ግን አልነበረም። ሥራ በዝቶብኛል ብለው ቀሩ። ወ/ሮ የሺ በዓለም ገና ዞረው ወልቂጤ የደረሱት ዓርብ፣ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ነው። ሰኞ ሲቀርቡ ቀኑ አልፏል ተባሉ።

አቶ ሀብቴ ጊዜው ላለፈበት ይግባኝ ማስፈቀጃ ማመልከቻ በእጃቸው ጽፈው በአንድ የመኪና ሾፌር እጅ ወደ ጉንችሬ ላኩ። የጎደለው የእህታቸው አሻራ ብቻ ነበር። ወረቀቱ እንደሄደ ተመለሰ፤ ሾፌሩም የተባለውን አደረሰ፦ «የእኔ ጉዳይ ከእሱ ግዛት ውጭ ነው በሉት።»

በዚያው ወር አቶ ሀብቴ በመስኮታቸው ላይ በእጅ የሣሉትን ካርታ ለጠፉ። የትኛው ወረዳ የት ይግባኝ እንደሚል፣ መኪናው ከየት እንደሚነሣ፣ መንገደኛ የት እንደሚያድር ሁሉ ተጽፎበታል። በ2005 ዓ.ም ጡረታ ከወጡ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ እየሄዱ ከእነሞር የሚመጡትን ስለ እንሰቱ ይጠይቁ ነበር። የማን እንሰት ሲሏቸው ወደሚቀጥለው መንገደኛ ያልፋሉ። ሄደው ይዩት ስንላቸውም፣ እትዬ ሳትጠራኝ አልሄድም ይሉ ነበር።

ባደረባቸው የስኳርና የኩላሊት ሕመም በቡታጅራ ሲረዱ ቆይተው፣ ረቡዕ የካቲት 9 ቀን 2008 ዓ.ም በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ወ/ሮ የሺ መታመማቸውን ሰኞ ሰምተው ሐሙስ ደረሱ፤ አንድ ቀን አለፋቸው። ካለቀሱ በኋላ ያ የመለስኩት ወረቀት የት አለ ብለው ጠየቁ። በአቶ ሀብቴ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተገኘ። ወ/ሮ የሺ አውራ ጣታቸውን በማኅተም ቀለም ነክረው አሻራቸውን አኖሩበት። የሚቀበለው መስኮት ስለሌለ ዛሬ ከአቶ ሀብቴ ጋር ይቀበራል።

አቶ ሀብቴ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ወ/ሮ የሺን ትተው ሄደዋል።

ግዛቱ ወሰን የሌለው፣ የዘገየውን «ቀንህ አልፏል» ብሎ የማይመልስ ጌታ ነፍሳቸውን ይቀበል። አሜን።