ጉማራ ዳር ያለችው ቤናሬስ

ወረታ፣ ጥር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ውድ ሚስተር ትሪፓቲ፣

ከባድ መርዶ ይዤልዎታለሁ፤ ቆመው ከሆነ ይቀመጡ። ቤናሬስን ጎርፍ ወሰዳት።

ህንድ ያለችውን የእርስዎይቱን ከተማ አይደለም፣ የኛይቱን። እንግሊዝኛዬን ስለሚያውቁት በአማርኛ ጻፍሁ። አማርኛ ያስተማርንዎ እኛ ነን፤ ካልገባዎ ጥፋቱ የተማሪው ነው።

ወረታ ሲያስተምሩን ከተማዎን በጠመኔ የሳሉልን ቀን ትዝ ይለዎታል? ሐር ሸማኔዎቿን፣ ቤተ መቅደሶቿን፣ እስከ ጋንጅስ ውኃ የሚወርደውን የድንጋይ ደረጃ። «ብዙ ነገሥታት አፈረሷት፤ በፈረሰች ቁጥር እየሠራናት ነው ያረጀችው» አሉን። እኔም «ደረጃው ላይ ስንት ሰው ተንሸራተተ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ከወንዛችሁ ከጉማራ ያነሰ» አሉኝ።

እውነትዎን ነው። ዓምና በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል እኅቴ ጸሐይነሽ እንስራ አዝላ ወደ ጉማራ ስትወርድ ዋልካው አንሸራቶ ክንዷን ሰበራት። ያኔ ሥዕልዎ ትዝ አለኝ። ሜዳችን ድንጋይ የለውም፤ ከባለሱቁ ልጅ ከየሱፍ ጋር በአባቱ አህዮች ከተራራው ሥር አምጥተን ደረጃ ሠራን። ስሟንም ቤናሬስ አልናት።

ምላሴ አያርፍም፤ «ህንዶች በእንዲህ ያለ ደረጃ ወርደው ነው ኃጢአታቸውን የሚያጥቡ» ብዬ ለሴቶቹ አወራሁ። ወሬው መምሬ አዛናው ዘንድ ደረሰ። «የባዕድ አምልኮ ነው፣ እንዳትረግጡት» ብለው ገዘቱ። ጸሐይነሽም በዚያው ባልጠና ክንዷ ወደ ጭቃው ተመለሰች። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ነው።

በነሐሴ ጉማራ ሞላ። መስከረም ላይ መምሬ «እግዜር ፈረደ» እያሉ ፍርስራሹን ሊያዩ ወረዱ። ወረዱ ማለቴ፣ ተንሸራተው በነጭ ጋቢያቸው ቁጭ አሉ። እጄን ሰጥቼ እግራቸውን ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁላቸው።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከቤናሬስ የተረፈው ነው፣ አባቴ። ልልቀቅዎ?»

«አንተ ልጅ፣ ስሙን ተወውና አጥብቀህ ያዝ።»

ላይ ከወጡ በኋላ ጋቢያቸውን አራገፉ። ከዚያ «የጎደለውን ሙሉ። ለጥምቀት ታቦቱ በዚህ ይወርዳል» አሉኝ።

ይኸው በከተራ ዕለት ወረደ፤ ማንም አልተንሸራተተም። መምሬ «የሚካኤል ደረጃ» ይሉታል። ጸሐይነሽ ግን እንስራዋን ሞልታ ስትወጣ «ከቤናሬስ መጣሁ» ትላለች። እርስዎን ሳታይ ትመርቅዎታለች፤ እኔም አይቼ ሳልመርቅዎ ስለቀረሁ፣ ለዚያች ጠመኔ እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ መርዶው ግን አይዘኑ። ጉማራ የወሰደው ሦስት ድንጋይ ብቻ ነው፤ ከየሱፍ ጋር ጠዋት ጀምረን ለምሳ ጨርሰነዋል።

አፉ የማያርፈው ተማሪዎ፣
ደሳለው