የተቃዋሚው ተራ

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣ ለዚያች ክርክር ወዳድ፦

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከዚህ ክፉ አፌ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው።

በማተሚያ ቤታችን የሰኞው ውይይት እንደ ቀጠለ ነው። ከካፒታሊዝም ወደ ኮሚኒዝም በምን መንገድ እንሻገር እያልን እንከራከራለን። ክርክር እንዲመስል አንዳችን በየተራ ተቃዋሚ እንሆናለን። ባለፈው ወር ተራው የእኔ ነበር። ተንኮሌን ታውቂው የለ፣ ጥርሴን አመመኝ ብዬ ለአባትሽ አሳለፍኩት።

“አንተ ቀልደኛ፣ እኔ መቃወም አልችልበትም” አለኝ።

“ዝም ብለህ ጠይቅ” አልኩት።

ተነሣና “ገዥው ሠራተኛው ነው ካልን፣ እስክንሻገር ድረስ እሱን ራሱን ለምን አንጠይቀውም?” አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሰብሳቢው ግን አላጨበጨበም፤ ጻፈ።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ለአጭር ማብራሪያ ወሰዱት። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ መቼም አባትሽ ማብራራት ከጀመረ አያቆምም። ተራው የእኔ እንደ ነበር ለሰብሳቢው ብነግረው “የምን ተራ?” አለኝ። ትናንት የወሰድኩለትን ሸሚዝ እንደ ተኮስኩት መለሱልኝ፤ የቆሸሸም አልሰጡኝም።

ለዕረፍት እመጣለሁ ያልሽውን ተይው፤ እዚያው ትምህርትሽን ተማሪ። ደብዳቤም ለእኔ እንጂ ለአባትሽ አትጻፊ።

እናትሽ ትስምሻለች። ናፍቆቴ ከመንገዱ ይረዝማል።

የሚያበሽቅሽ አጎትሽ