የጽጌረዳሽ ቅጠል ነገር

የኔ ዓለም፣ በሄድሽበት ሁሉ መልካም ሰው ይግጠምሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ ዛሬም ጉልበቱን ያማርራል። እኔን እረፍት የነሳኝ ግን መስኮትሽ ስር የተከልሽው ጽጌረዳ ነው። የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ደረቀ። ውሃ ጠማው ብዬ ጠዋት ማታ አጠጣሁት፤ ባሰበት። አክስትሽ መጥታ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተችና «አንቺ ሴትዮ፣ ሥሩ እኮ በውሃ በሰበሰ!» ብላ ጮኸችብኝ። አባትሽ ደግሞ «ልጅቷ ሳትደውል በዋለች ቁጥር እናቷ ጆግ ይዛ ትወጣለች» አይል መሰለሽ! እውነቱን ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ። ጆጉን ደበቀብኝ። ትናንት ስልክሽ እምቢ ሲለኝ ግን በብርጭቆ ሰረቅ አድርጌ አጠጣሁት።

ምግብ በሰዓቱ ብዪ፤ ብርድ እንዳይመታሽ። ፈጣሪ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። ብቻ እባክሽ ቶሎ ቶሎ ደውዪ፤ ለእኔ እንኳ ባይሆን ለጽጌረዳው ብለሽ።

እናትሽ