ሽፋኑ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት

ውድ እማሆይ ወለተ ሐና፣

እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎስ? እኔ ደኅና ነኝ። ቢቸናም እንደ ልማዷ ናት፤ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልዎት ቆይቼ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፤ መልሱም የሚጠበቀው ከእርስዎ ብቻ ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሞጣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያነሳቸው ፎቶዎች መጽሐፍ ሊሆኑ ነው። ቀልድ አይደለም። ፈረንሳይ አገር የፎቶና የሥዕል መጻሕፍት ብቻ የምታሳትም ሶላንዥ የምትባል ሴት አለች። ትልቅ ድርጅት እንዳይመስልዎት፤ እሷና አንዲት ረዳቷ ናቸው፣ በዓመት የሚያወጡትም ሦስት ወይ አራት መጽሐፍ ነው። አለቃ የላትም። የወደደችውን ታሳትማለች፣ ያልወደደችውን ንጉሥ ቢለምናት አትነካም። እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርቷ ንጋት የአባቴን ፎቶዎች ቴሌግራም ላይ ለቃቸው ነበር፤ ከሰው ሰው ሲተላለፉ ሶላንዥ ዘንድ ደረሱ። መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ራሷ ሞጣ ድረስ መጣች።

ቢያዩዋት ይወዷታል። አጭር፣ ፀጉሯ ሽበት ብቻ፣ ወረቀት ስትነካ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው በጣቶቿ የምታሻሽ ናት። ጫማዋን አውልቃ ፎቶዎቹን በሙሉ የቤታችን ወለል ላይ ደረደረቻቸው። መጽሐፍ የምትሠራው እንዲህ ነው፤ በመካከላቸው እየተራመደች የትኛው ከየትኛው ጎን ቢቀመጥ እንደሚያምር ታያለች። ወንድምዎ፣ አጎቴ መምህር ወልደ ኪዳን፣ ይህን ሲያዩ ጮኹ።

«ኧረ በሥላሴ! ሰው ይረገጣል እንዴ?»

ንጋት አስተረጎመችላት። ሶላንዥ ፊቷ ቀላ። አንድ በአንድ አንስታ አልጋው ላይ አሰናዳቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ የሠራችው ሁሉ አልጋው ሥር ተንበርክካ ነው።

ለሽፋኑ የመረጠችው የእርስዎን ፎቶ ነው። ያውቁታል። ገና ፋንታነሽ በነበሩበት ጊዜ፣ መጀመሪያ ፎቶ ቤቱ የገቡ ዕለት፣ አባቴ «ተነሽ» ይልዎታል። እሱ ፎቶ ተነሽ ማለቱ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከወንበሩ የሚያስነሳዎት መስሎዎት ብድግ አሉ። ግማሽ ተቀምጠው፣ ግማሽ ቆመው፣ ነጠላዎ ከትከሻዎ ወርዶ በራስዎ ሲስቁ ካሜራው ያዘዎት። አባቴ ያን ፎቶ ለደንበኛው ሁሉ እያሳየ «ይችን ነው ያገባሁት፣ ከተቀመጠችበት አስነስቼ!» ይል ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ሶላንዥ ፎቶውን ይዛ «ይህች ሴት አለች ወይ?» ብላ ጠየቀች። እኔ ወንበር ልዋስ ጎረቤት ሄጄ ነበር። አጎቴ እንደ ቅኔ መምህርነታቸው ቃሉን አሽሞንሙነው መለሱ። «እሷማ ከሞተች ቆየች እኮ! ፍትሐቱም ተደግሞላታል» አሉ። እኛ አገር ይህ ግልጽ ነው፤ ሰው ሲመነኩስ ለዓለም ሞተ ይባላል፣ በቁሙ ፍትሐት ይደገምለታል። ንጋት ግን የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፣ ያውም ጴንጤ። ፍትሐት ለቆመ ሰው ይደገማል ብላ ከየት ታምጣው? «ሞታለች» ብላ ተረጎመች። ሶላንዥም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለፎቶው ጎንበስ አለች አሉ። እኔ ወንበሩን ተሸክሜ ስገባ ሁሉም ዝም ብለው ነበር፤ የደከማቸው መስሎኝ ምሳ አቀረብኩ።

ባለፈው ሳምንት ሶላንዥ ገጾቹን ከመታተማቸው በፊት እንድናያቸው በስልክ ላከችልን። ንጋት እያነበበች ስትተረጉምልኝ ከእርስዎ ፎቶ ደረሰች። «የፎቶ አንሺው ባለቤት ፋንታነሽ። በሕይወት የሉም።»

«ማነው የገደላት?» ብዬ ጮህኩባት።

«አጎትሽ ናቸዋ! ፍትሐት ተደግሞላታል አሉኝ እኮ!» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

አጎቴ ዘንድ ስደውል ጭራሽ አልደነገጡም። «ታዲያ ምን ዋሸሁ?» አሉ። «ስሚ ልጄ፣ ዝም በይ። ለመጽሐፉም መንገዱ ይቀናል፣ ለሷም ዕረፍት ነው። አሁን ሄደሽ ፎቶሽ ምናምን ብለሽ በጸሎቷ ላይ አትረብሻት።»

ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ምክራቸው ለሁሉም ይመች ነበር። እኔ ግን አልሆነልኝም። መጽሐፍ እኮ ከሰው በኋላም ይቀራል።

ለሶላንዥ ደውለን ነገሩን በንጋት በኩል አስረዳኋት። «ድገሙልኝ» አለች፤ ደገምንላት። ከዚያ «እንኳን ኖረች! እንኳን ኖረች!» አለች። ቀጥላ ግን በሕይወት ያለ ሰው እሺ ሳይል ፊቱን ሽፋን ላይ አላወጣም አለችኝ። ፊርማም አልፈልግም፣ ከአፏ የወጣ ቃል ይበቃኛል አለች። ማተሚያ ቤት ያገኘችውን ተራ ለሌላ ለቃ እየጠበቀች ነው። «ሌላ ፎቶ እንምረጥ?» ብላት እምቢ አለች። «እሷ ካልፈቀደች ሽፋኑን ነጭ አድርጌ አወጣዋለሁ እንጂ በቦታዋ ሌላ ሰው አላስቀምጥም» አለች።

ይኸው ነው ጥያቄዬ፣ እማሆይ። ከዓለም የወጡት አውቀው፣ ወደው ነው። ያ የሚስቅ ፊትዎ በማያውቁት አገር መደርደሪያ ላይ መቆሙን ይውደዱት አይውደዱት አላውቅም። እምቢ ቢሉ ይገባኛል፤ አልቀየምም። ነጩን ሽፋን አቅፌ እኖራለሁ። ሞታለች ተብሎ እንዲጻፍ ግን አልፈቅድም።

ፍትሐቱ የተደገመልዎት ቀን ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም። ልቧ ድንጋይ ነው ብለው አሙኝ። ያኔ ካለቀስኩ የእውነት የምትሞቺ መስሎኝ ፈርቼ ነው። ይኸው አንቺ አልኩሽ፤ ይቅር በይኝ፣ አንቺ ካላልኩ ቃሉ አልመጣልኝም። መጥቼ የጠየቅሁሽ ጊዜ ጎንበስ ብለሽ ሰላም አልሽኝ፣ የቢቸናን ዝናብ ጠየቅሽኝ፣ እንደ ማንኛዋም መንገደኛ መርቀሽ ሸኘሽኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሞጣ ስመላለስ መኪናው አንቺ ያለሽበት ደብረ ወርቅ ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሻይ ይጠጣል፣ እኔ ከወንበሬ አልነቃነቅም። በመስኮት የደብሩን ዛፎች እያየሁ አልፋለሁ። ናፍቀሽኛል እኮ።

ቅዳሜ ግን እወርዳለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ከምትኖሪበት አጥር ሥር ቆሜ እጣራለሁ። «እማሆይ» አልልም፤ «እማዬ» ነው የምለው። እሺም ብትዪ እምቢም ብትዪ ከአፍሽ ልስማው። ሞተሽ ከሆነ አትውጪ።

ልጅሽ ሰገነት ዘመነ
ቢቸና