ግፊትን በዘበኛ ለተቆጣጠሩልን ሥራ አስኪያጅ የቀረበ ምስጋና

ልጄ ኤሌኒ ወደ ዱባይ አትመለስም። የሥራ ፈቃዷ ማክሰኞ ጥቅምት 25 ቀን ወጥቷል፣ ማኅተሙም በቦታው አርፏል፣ የፍሪጅና የአየር ማቀዝቀዣ መጠገኛ ቤቷን እዚሁ ደብረ ታቦር ልትከፍት ነው። ሰላምታ መቅደም እንዳለበት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን ደስታው ከእኔ ቀድሞ ስለወጣ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አሁን ወደ ሥርዓቱ ልመለስ።

ለተከበሩ አቶ ዋልልኝ፣ የፈጣን አገልግሎት ሕንፃ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉንፋኑስ ለቀቀዎት? የሠራተኞችዎ ጣቶችስ ሁሉም በየቦታቸው አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከሕንፃዎ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ምስጋናዬ በዝቶ ፖስታ ውስጥ አልገባ ስላለኝ ነው። የቅመም ሱቋ ከእኔ የክር ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቴ ዙለይካም አንድ ቅጂ በሯ ላይ ልትለጥፍልኝ ቃል ገብታለች።

ወደ ምስጋናው ከመግባቴ በፊት፣ ጣሪያዎ ላይ ስላለው ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ ሳጥን ኤሌኒ ያስረዳችኝን ላካፍልዎት፤ ምናልባት እስካሁን የነገረዎት ሰው የለ ይሆናል። ልጄ በስድስት ዓመት የባሕር ማዶ ኑሮዋ መጀመሪያ ሰው ቤት፣ ቀጥሎ አንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ በፅዳት፣ በመጨረሻም ከጥገና ሠራተኞች ጋር መሰላል ያዥ ሆና ሠርታለች፤ መሰላሉን ስትይዝም ዓይኗ ወደ ላይ ነበር። እንደ እሷ አነጋገር ሳጥኑ ከውጭ አየር ስቦ፣ አንድ ልክ ቅዝቃዜ ሰጥቶ፣ በቆርቆሮ ቦይ ወደየክፍሉ ይልካል። በየክፍሉ መግቢያ አንዲት ክዳን አለች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ እየሰማች ክፍሉ ሲሞቅ ትከፈታለች፣ ሲበርድ ትጠባለች። ክዳኖቹ ሁሉ ሲጠቡ ቦዩ ውስጥ አየር ይታመቃል፣ ይህንንም የሚለካ ሌላ ነገር አለና ትልቁን ማራገቢያ ቀስ በል ይለዋል። የገባ አየር መውጣትም አለበት፤ ስለዚህ አንዲት ቀጭን ቱቦ የውስጡን ግፊት ከውጭው ጋር ታነጻጽርና፣ የውስጡ ሲበልጥ የጣሪያው መውጫ ይከፈታል። እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ የተረዳሁት ሳጥኑ ከእኛ ቤተሰብ ይልቅ እርስ በርሱ እንደሚደማመጥ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ብርዱ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ብርድ ፍለጋ ወደ ጉና ተራራ ለመውጣት በቅሎ ያስፈልግ ነበር፤ እርስዎ ግን ብርዱን እስከ ሦስተኛው መስኮት ድረስ አቅርበውልናል። በዚያ መስኮት የምትሠራው ወይዘሪት ሙሉ ሲጠናባት የኤሌክትሪክ ምድጃ አምጥታ ልክ ከሙቀት መለኪያው ሥር አስቀመጠች። መለኪያው ክፍሉ የተቃጠለ መስሎት ክዳኗን አስከፈተ፣ ብርዱም ጨመረ። እሷም ምድጃውን ከፍ አደረገች፣ መለኪያው የባሰ ደነገጠ። እንዲህ ሁለቱ እልህ ሲጋቡ፣ ወይዘሪት ሙሉ ጋቢ ደርባ ጓንት አጥልቃ፣ ማኅተሙን መጨበጥ አቅቷት ተቀመጠች።

የልጄ የፈቃድ ማመልከቻ ከሐምሌ ጀምሮ እዚያው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የቀድሞ አሠሪዎቿ የላኩላት የአውሮፕላን ትኬት የጥቅምት ሠላሳ ነበር። እስከዚያ ፈቃዱ ካልወጣ እሄዳለሁ ብላ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀመጠችው፤ እኔም ስወጣ እሱን ተሻግሬ፣ ስገባ እሱን ተሻግሬ ወራት አለፉ። ይህንን ለምስጋናው ማድመቂያ ያህል ነው የጠቀስኩት።

ሁለተኛ፣ ስለ በሩ። በርዎ ወደ ውስጥ የሚገፋ ነው፤ ሕንፃው ደግሞ በአየር ተነፍቶ ከውስጥ ይገፋናል። ለመግባት አራት አምስት ሆነን በትከሻ እንገጥመው ነበር፤ በሩ ሲሸነፍም ነጠላችን ወደ ባጃጅ ተራው፣ ማመልከቻችን ነጠላችንን ተከትሎ ይሄድ ነበር። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ነጠላ ለአገር ልማት አበርክቻለሁ።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቃል ያጥረዋል። ሳጥኑን ሊያይ የመጣው ባለሙያ «ግፊቱ ከልክ በላይ ስለሆነ የግፊት ተቆጣጣሪ በአስቸኳይ ያስፈልጋል» ብሎ አንዲት መስመር ጽፎልዎት ሄደ። ሰውየው ዕቃ ማለቱ ነበር። እርስዎ ግን ኮሚቴ ሰብስበው፣ ግፊትን ግፊያ ብለው አንብበው፣ አቶ አዳነ የተባለ ትከሻው ሰፊ ሰው በግፊት ተቆጣጣሪነት ቀጠሩና ባጅ አንጠልጥለው በሩ ፊት አቆሙልን። አዳነ ቅን ሰው ነው፤ አትግፉ እንዲል ተቀጠረ፣ አትግፉ አለን። በሩ ካልተገፋ አይከፈትም። ስለዚህ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ከእኛ ወገን ማንም አልገባም፤ ሠራተኞችዎ ጠዋት አዳነ ሳይቆም ስለሚገቡ፣ ሲወጡም ከውስጥ ስበው ስለሚከፍቱ አልተቸገሩም። «አትግፉ አልኩ እንጂ አትግቡ መች ወጣኝ» ይለን ነበር አዳነ፤ ዙለይካም «ታዲያ ወደ በሩ ሽማግሌ እንላክ?» ብትለው ለአለቃ አስታውቃለሁ ብሎ መዝግቦላታል። የወሩ ሪፖርትዎ «ግፊያ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል፣ አንድም ቅሬታ አልቀረበም» ይላል። እውነት ነው፤ የቅሬታ ሳጥኑ ያለው ውስጥ ነው።

ትኬቱ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት፣ ኤሌኒ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዛ ሄደች፤ እኔም ልለያት አልፈለግሁምና ተከተልኩ። ግፊቱን ላስተካክል ነው የመጣሁ ብትለው አዳነ ደነገጠ። «እንጀራዬን ልትቀሚኝ ነው?» አላት። «አይዞዎት ጋሼ አዳነ፣ የእርስዎ የታችኛው ግፊት ነው፣ የእኔ የላይኛው ነው» አለችው። እሱም አስቦበት፣ በመመሪያው ስለ ላይኛው የተባለ ነገር እንደሌለ ሲያረጋግጥ መሰላሉን ያዘላት።

ጣሪያው ላይ ያገኘችው አንድ ጥቁር ፌስታል ነው። በክረምቱ ውድ የመንግሥት ንብረት ዝናብ እንዳይመታው ተብሎ፣ በቃለ ጉባኤ ተወስኖ፣ የቀጭኗ ቱቦ የውጭ አፍ በፌስታል ታስሯል። ምስኪኗ ቱቦ ውጭ ያለውን ሳታውቅ ክረምቱን ከረመች፤ መውጫውም ተዘግቶ ቀረ። ኤሌኒ ፌስታሉን ፈታችው። ሕንፃው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ፣ አዳነም በሩን በአንድ ጣቱ ቢነካው ተከፈተለትና ጣቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ኤሌኒ ገብታ የወይዘሪት ሙሉን ምድጃ ከመለኪያው ሥር አነሳች። ወይዘሪት ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጓንቷን አውልቃ ነበር፣ በማግስቱ ማኅተም ጨበጠች፤ እኔም ያን ቀን ሻንጣውን ከበር አንስቼ ልብሱን ሁሉ አወጣሁት።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ረቡዕ ዕለት ስላደረጉት ነው። ግፊቱን ስላስወገደ ለኮሚቴው የምስክር ወረቀት ሰጡ፣ ለኤሌኒ ደግሞ አንድ የመንግሥት ፌስታል ያለ ፈቃድ ስለፈታች በአሥር ቀን ውስጥ እንድትመልስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉላት። ፌስታሉን አጥበንና አጣጥፈን ከዚህ ጋር አያይዘናል። በመዝገብ ቤት ያኑሩት፣ በቱቦው ላይ ግን አይመልሱት።

ከማይበርድ አክብሮትና ከተመጠነ ግፊት ጋር፣ ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎ እንዲረዝም የምትመኝልዎት፣

ብርቱካን ደሳለው፣ የክር ነጋዴ፣ የኤሌኒ እናት

ሳልረሳው፦ በፈቃዱ ላይ የሥራው ዓይነት በሚለው መስመር «የፀጉር ማድረቂያ አገልግሎት» ተብሎ ተጽፏል። ብንጠይቅ፣ በኮምፒውተርዎ ውስጥ ለሴት አመልካች አየርና ሙቀት ተብሎ ሲፈለግ የሚወጣው ሥራ እሱ ብቻ ነው አሉን። ማረሚያው ሌላ ሦስት ወር ይፈጃል ስለተባለ፣ ሕግ እናክብር ብለን አንድ ማድረቂያ ገዝተን በፍሪጆቹ መካከል ሰቅለናል፤ ስለዚህ የሚመጣ ሁሉ ፀጉሩን አርጥቦ ይምጣ፣ የመጀመሪያው ወንበር ለክቡርነትዎ ተይዟል። ለክርስቲያኑ እኛ ቤት፣ ለሙስሊሙ ዙለይካ ቤት በግ ይታረዳል። ቤቱ የሚከፈተው እሑድ ኅዳር 7 ቀን ከቅዳሴ መልስ ነው፤ ማንም እንዳይቀር።