ቁጥር ያልወሰደችው ልጅሽ

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6። ከዓሣው እስከ ረፋዱ ሁለት ሣጥን ካትፊሽ ሄዷል፤ ፐርች የሚባለው ገና ነው። የበቆሎ ዱቄት ሊያልቅ ነው።

ውድ ቨርሊን፣

አንቺ ካረፍሽ ወዲህ የቀኑን ወሬ የምነግረው ሰው ስላጣሁ፣ እዚሁ የዕለት ማስታወሻዬ ላይ እጽፍልሻለሁ።

ትምህርት ቤቱን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ልትከፍቺ ስትነሺ ትዝ ይልሻል? ከተማው ቻርተሩን፣ የትምህርት ቤት ፈቃዱን፣ የምሰጥሽ በቂ ልጅ ከመዘገብሽ ነው ስላለሽ፣ ማመልከቻሽን ይዘሽ እዚህ ባንኮኒዬ ጥግ ቆምሽ። ዓሣ ሊገዛ የገባ ሁሉ ልጅ እንዳለው ሳትጠይቂው አይወጣም ነበር። ሽማግሌውን ቡፎርድን እንኳ፣ ልጅ ባይኖርህ የልጅ ልጅ አታጣም ብለሽ ይዘሽዋል። መጀመሪያ የእኛ የሰፈሩ ጥቁር ልጆች መጡ፤ ቀጥሎ ከወንዙ ማዶ የሜክሲኮዎቹ፤ ከዚያ ከእስያ ከመጡት ከህሞንግ ሰዎች ወይዘሮ ማይ ልጆቿን በሙሉ አስከትላ። ምሳ ሰዓት ላይ የበቆሎ ዳቦ በማይ ልጆች የጥብስ ጥቅልል ሲለዋወጡ በር ላይ ቆመን ስናይ፣ ንግድ ከእነዚህ ልማር ብዬሽ ስቀሻል።

አሁን ፈላጊው በዝቷል። ከሐይቁ ዳር፣ ከባለጸጎቹ ሰፈር ሳይቀር ልጆቻቸውን በመኪና ያመጣሉ። ይምጡ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ቦታ ሲጠብ በዕጣ ነው። ችግሩ፣ እነሱ በጊዜ ያመለክታሉ፤ የእኛ ሰፈር ሰው ግን «የራሳችን አይደል» ብሎ እንደ ድሮው በኦገስት የልጁን እጅ ይዞ ይሄዳል። ልጅሽ ላትሪስም አምና የልጅ ልጅሽን ናይላን ይዛ ሄዳ ሞልቷል ተባለች። የዘንድሮው ማመልከቻ ነገ ይዘጋል። እሷ ግን አኩርፋ ቀረች።

ዛሬ ፐርች ልትገዛ ገብታ፣ ተራ ቁጥር ሳትወስድ ቀጥ ብላ ባንኮኒው ጋ መጣች። ስለ ማመልከቻው ጠየቅኋት።

«የእናቴ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ እኔ ለልጄ ዕጣ ልጠብቅ?» አለችኝ።

አልተከራከርኳትም። የተራ ቁጥር የሚሰጠውን ማሽን በጣቴ አሳየኋት።

«አክስቴ ኦዴሳ፣ ለእኔም?»

«እናትሽ ዳይሬክተር ሆና ሳለ አርብ አርብ እዚያ ጋ ቁጥሯን ይዛ ትቆም ነበር። አንዱ እለፊ ሲላት፣ 'ተማሪዎቼ እያዩኝ?' አለችው።»

ቡፎርድ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። «ልጄ፣ ወይ ቁጥር ውሰጂ፣ ወይ ፐርቹን ለእኔ ተይልኝ» አላት።

ሰልፈኛው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ያው ያንቺው ሳቅ፣ በአፍንጫ የሚወጣው። ቁጥሯን ወሰደች። ተራዋ እስኪደርስ አስቀድሜ ያመጣሁላትን ማመልከቻ ከሰናፍጩ ጠርሙስ አጠገብ አስቀመጥኩላት፤ ሞላችው። ጨርሳ ወረቀቱን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች። ናይላ የመሥራቿ የልጅ ልጅ መሆኗ የሚጻፍበት ቦታ ስትፈልግ ነው። የለም። እንዲህ አድርገሽ ያሠራሽው አንቺ ነሽ፤ ያኔም ለምን እንደሆነ ነግረሽኛል። ላትሪስ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ፈረመች።

ዕጣው ለናይላ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። ስሟ ግን ከሌሎቹ ጋር ይገባል።

ላትሪስ ሆስፒታል የጠዋት ተረኛ ናት። ስለዚህ ነገ፦ ሱቁን ሳልከፍት የናይላን ማመልከቻ ማድረስ። ስመለስ የበቆሎ ዱቄት።

ኦዴሳሽ